ካምፓስ የማያውቁ ተመራቂዎች

በበይነ መረብ የሚሰጥ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት፣ ማለትም ምዝገባው፣ ንባቡ፣ ከመምህር ጋር የሚደረገው ግንኙነትና አብዛኛው ምዘና በኮምፒዩተር ወይም በእጅ ስልክ በኩል የሚካሄድ የዲግሪ መርሐ ግብር፣ በኢትዮጵያ ከተሞች አጥርና በቴሌግራም ቻናሎች ላይ በሚለጠፉ ማስታወቂያዎች ዘወትር የሚታይ ነገር ከሆነ ሰንብቷል። ማስታወቂያዎቹ ሥራን ሳያቋርጡ መማር እንደሚቻል፣ ከቤተሰብ መራቅ እንደማያስፈልግና ክፍያውም ተከፋፍሎ ሊፈጸም እንደሚችል ይናገራሉ። የተባለው ሁሉ እውነት ነው፤ ሆኖም መደበኛው ዩኒቨርሲቲ ለተማሪው የሚያሟላውን የማጥኛ ቦታ፣ የተወሰነ ሰዓት፣ መብራት፣ ቤተ መጻሕፍት፣ የጓደኛ እገዛና የመምህር ቅርበት በበይነ መረብ የሚማረው ሰው በራሱ ገንዘብና በራሱ ጉልበት ማሟላት እንዳለበት ማስታወቂያው አይገልጽም። ተማሪዎቹ ስለሚገጥማቸው ችግር ሲጠየቁ መጀመሪያ የሚያነሱት ኔትወርክን ነው፤ ጨዋታው ሲረዝም ግን የሚያማርሩት ጥያቄ ጠይቀው መልስ የሚሰጣቸው ሰው ማጣታቸውን ሆኖ ይገኛል።

## ከፖስታ ሣጥን እስከ ስክሪን

መምህርና ተማሪ በአንድ ክፍል ሳይገናኙ የሚካሄድ የከፍተኛ ትምህርት ኮምፒዩተር ከመፈጠሩ በፊት የነበረ ነው። ዛሬ የደቡብ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ፣ በአጭሩ ዩኒሳ፣ የሚባለው ተቋም እ.ኤ.አ. በ1873 ፈታኝና ዲግሪ ሰጪ ሆኖ ተቋቁሞ እ.ኤ.አ. በ1946 በፖስታ ወደ ማስተማር የተሸጋገረ ሲሆን፣ ኔልሰን ማንዴላ እ.ኤ.አ. በ1989 ገና ከእስር ሳይፈቱ የሕግ ዲግሪያቸውን ያገኙት ከዚሁ ተቋም ነበር። የብሪታንያው ኦፕን ዩኒቨርሲቲ በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ1969 ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ1971 ማስተማር ሲጀምር የቀድሞ የትምህርት ማስረጃን የመግቢያ መሥፈርት አላደረገም፤ ትምህርቱን በቢቢሲ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ከማስተላለፉም ጋር፣ ለእያንዳንዱ ተማሪ የጻፈውን ሥራ አርሞና አስተያየት ጨምሮ የሚመልስ አስጠኚ መደበለት። ይህ አስጠኚ የርቀት ትምህርት ታሪክ ከሚያነሳቸው መሣሪያዎች ሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ነው፤ ሬዲዮው በቴሌቪዥን፣ ቴሌቪዥኑም በኢንተርኔት ሲተካ የአስጠኚው አስፈላጊነት አልተቀየረምና።

በኢትዮጵያ የርቀት ትምህርት በስፋት የታወቀው በ1990ዎቹ ዓመታት የግል ኮሌጆች ሲበራከቱ ነው። ተማሪው ሞጁል የሚባለውን፣ መምህርን ተክቶ እንዲያስተምር ተብሎ የሚዘጋጀውን የኅትመት መጽሐፍ በአቅራቢያው ካለ የማስተባበሪያ ማዕከል ይወስዳል፤ ቅዳሜና እሑድ ለጥቂት ሰዓታት ቲውቶሪያል የሚባለውን የማጠናከሪያ ትምህርት ይከታተላል፤ የማጠቃለያ ፈተናውንም በዚያው ማዕከል ይቀመጣል። ለመምህራን፣ ለጤና ባለሙያዎችና ለወረዳ ሠራተኞች ይህ አሠራር ቦታቸውን ሳይለቁ ዲግሪ የሚያገኙበት ሰፊ በር ነበር። የተማሪው ቁጥር ከተቋማቱ አቅም በላይ እየሄደ የጥራት ቅሬታው ሲበዛ መንግሥት በነሐሴ 2002 ዓ.ም. የርቀት ትምህርትን በግልም በመንግሥትም ተቋማት አገደ፤ እገዳው ብዙ ሳይቆይ ቢነሳም የርቀት ዲግሪ ከመደበኛው ያነሰ ነው የሚለውን ጥርጣሬ በአሠሪዎች ዘንድ ትቶ አልፏል። የዛሬው የበይነ መረብ ተማሪም የወረሰው ይህን ጥርጣሬ ጭምር ነው።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮቪድ-19 ምክንያት ትምህርት ቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎች ሲዘጉ ደግሞ ጉዳዩ የርቀት ተማሪዎች ብቻ መሆኑ ቀረ። ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች በቴሌግራምና በኢሜይል ጽሑፍ መላክ፣ በዙም ማስተማር፣ የመመረቂያ ጽሑፍን ከቤት ሆኖ በስክሪን መከላከል ተጀመረ። በዚያው ዓመት ሰኔ 23 ቀን ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ከሁለት ሳምንት በላይ ሲቆይ ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ሙሉ በሙሉ ሊበጠስ ከሚችል ገመድ ላይ የተንጠለጠለ መሆኑን ተማሪውም መምህሩም ተረዱት።

## አንድ ምሽት፣ አንድ አሳይመንት

የዚህን ትምህርት ጠባይ በቅርብ ለማየት፣ በወረዳ ከተማ መንግሥት መሥሪያ ቤት እየሠራ በአካውንቲንግ የመጀመሪያ ዲግሪውን የሚከታተል ተማሪ አንድን የቤት ሥራ እንዴት እንደሚያስረክብ መከተል ይበቃል። ከቢሮ ወጥቶ፣ ራት በልቶ፣ ልጆች ተኝተው ቤቱ ጸጥ የሚለው ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ነው፤ ከዚያም ዋጋው ስለሚቀንስ የሌሊት የኢንተርኔት ጥቅል ይገዛል። ኮምፒዩተር ስለሌለው ንባቡን የሚያነብበው በስልክ ነው። ለሰፊ ገጽ የተዘጋጀው የሒሳብ ሰንጠረዥ በጠባቡ ስክሪን ላይ ሲከፈት ፊደሉ አይነበብም፤ በሁለት ጣት ሲያሰፋው ደግሞ የዴቢቱ ዓምድ ሲታይ የክሬዲቱ ይሸሻል። ስለዚህ ሰንጠረዡን በደብተር ይገለብጣል፣ ጥያቄውን በወረቀት ላይ በእጁ ይሠራል፣ ገጾቹን አንድ በአንድ በስልኩ ፎቶ ያነሣል፣ ፎቶዎቹን በአንድ አፕሊኬሽን ወደ ፒዲኤፍ ይቀይራል።

ቀጥሎ ተቋሙ ወደሚጠቀምበት የትምህርት ማስተዳደሪያ ሥርዓት ይገባል። ይህ ሥርዓት ንባብ የሚቀመጥበት፣ የቤት ሥራ የሚቀርብበት፣ ፈተና የሚሰጥበትና ውጤት የሚገለጥበት ድረ ገጽ ሲሆን፣ በዓለም ዙሪያ በብዛት ከሚታወቁት አንዱ ሙድል የተባለው በነፃ የሚገኝ ሶፍትዌር ነው። ማስረከቢያው የሚዘጋው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው። ፋይሉ ከተፈቀደው መጠን በልጦ ይመለሳል፤ አሳንሶ እንደገና ይልካል፤ የመጫኛው መስመር ወደ መጨረሻው ሲጠጋ መብራት ይሄዳል፣ ከመብራቱም ጋር የአካባቢው የቴሌ ምሰሶ ይዳከማል። ገጹ እንደገና ሲከፈት የይለፍ ቃል ይጠይቃል፤ የይለፍ ቃሉ ገብቶ ማስረከቢያው ሲታይ ሰዓቱ አልፏል። በክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ «የናንተ ገባ?» የሚል መልእክት በተለያዩ ስሞች ተደጋግሞ ይታያል። በማግሥቱ የክፍሉ ተጠሪ ለመምህሩ ይደውላል፣ መምህሩም «በኢሜይል ላኩልኝ» ይላል፤ ሥርዓቱ ሊተካው የታሰበው የስልክ ልመና ተመልሶ ይመጣል።

> ሥርዓቱ ሊተካው የታሰበው የስልክ ልመና ተመልሶ ይመጣል።

በዚህ ሂደት ውስጥ ተማሪው ያጠፋው ጊዜ ምን ያህሉ ለአካውንቲንግ፣ ምን ያህሉ ለፎቶ፣ ለፋይል መጠንና ለይለፍ ቃል እንደዋለ መጠየቅ ተገቢ ነው። መደበኛ ተማሪ ደብተሩን ለመምህሩ በእጁ ሰጥቶ ይወጣል፤ የበይነ መረብ ተማሪ ግን የራሱ ሬጅስትራር፣ የራሱ የኮምፒዩተር ባለሙያና የራሱ ፖስተኛ መሆን አለበት። እንደዚህ ዓይነቱን ድካም ስንፍና ወይም የቴክኖሎጂ ዕውቀት ማነስ አድርገው የሚያዩ አስተዳዳሪዎች አሉ፤ ይህ ግን ትልቅ በደል ነው፤ በጠባብ ስልክ፣ በተቆራረጠ መብራትና በድካም ሰዓት ዲግሪ የሚማር ሰው ትጋቱ ከማንም አያንስም።

## ሁለት ዓይነት ሰዓት

የበይነ መረብ ትምህርት በሁለት ይከፈላል። አንደኛው መምህርና ተማሪ በተመሳሳይ ሰዓት በዙም ወይም በጉግል ሚት የሚገናኙበት የቀጥታ ትምህርት ነው፤ ሁለተኛው ንባብና የተቀረጸ ንግግር ተቀምጦለት ተማሪው በሚመቸው ሰዓት የሚከታተለው ነው። የመጀመሪያው ለውይይት ይመቻል፤ ይሁን እንጂ ብዙ ዳታ ይበላል፣ ኔትወርኩ ሲደክምም የመምህሩ ድምፅ ይቆራረጣል፤ ቢያንስ ድምፁ እንዲሰማ ሁሉም ካሜራውን ያጠፋል፤ መምህሩም ስሞች ብቻ ለተደረደሩበት ጥቁር ስክሪን ይናገራል። መምህራን በዚህ መልክ ሲያስተምሩ ከሁሉ የሚከብዳቸው የተማሪውን ፊት አለማየታቸው እንደሆነ ይናገራሉ፤ በክፍል ውስጥ የተማሪ ግንባር ሲኮማተር አይቶ ወደ ኋላ የሚመለስ መምህር በስክሪን ላይ የሚመለስበትን ምልክት ያጣል። ሁለተኛው ዓይነት ለሠራተኛ ሰው ይስማማል፤ ነገር ግን «በሚመቸኝ ሰዓት» የተባለው ሰዓት ራሱ ሳይመጣ መንፈቀ ዓመቱ ያልቃል። ያለ መምህር ጉትጎታ ተከታታይ ንባብ መጨረስ ለማንም ሰው ከባድ ነው፤ ለማንም ክፍት የሆኑት ነፃ የበይነ መረብ ኮርሶች በዓለም ደረጃ ከተመዘገበባቸው ሰው የሚጨርሳቸው እጅግ ጥቂት መሆኑም ይህንኑ ያሳያል።

## ርቀቱ የት ላይ ነው?

በፔንሲልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ማይክል ሙር የተባሉ የትምህርት ተመራማሪ ስለ ርቀት ትምህርት ያቀረቡት ንድፈ ሐሳብ በመስኩ ከታወቁት ዋነኛው ነው። እንደ እርሳቸው ሐሳብ በርቀት ትምህርት ውስጥ ሊለካ የሚገባው ርቀት የመግባባት ርቀት ነው፤ ይህም በሦስት ነገሮች ይወሰናል፤ በመምህርና በተማሪ መካከል ባለው የሐሳብ ልውውጥ፣ ትምህርቱ ከተማሪው ሁኔታ ጋር ሊስማማ በሚችልበት መጠንና ተማሪው ራሱን ችሎ ለመማር ባለው አቅም። የሐሳብ ልውውጡ ባነሰ ቁጥር ተማሪው ራሱን የመቻል አቅሙ የበለጠ እንዲሆን ይጠበቅበታል ማለት ነው። በዚህ መለኪያ ሲታይ በአምስት መቶ ሰው አዳራሽ ከኋላ የተቀመጠ መደበኛ ተማሪ ከመምህሩ እጅግ ሊርቅ፣ በጋምቤላ ሆኖ ለጥያቄው በማግሥቱ መልስ የሚያገኝ ተማሪ ደግሞ ቅርብ ሊሆን ይችላል። ሙድልን የፈጠሩት አውስትራሊያዊው ማርቲን ዱጊያማስ በልጅነታቸው ከከተማ በራቀ በረሃ አድገው በሬዲዮ መገናኛ ከመምህራቸው ጋር እየተነጋገሩ የተማሩ መሆናቸውም እዚህ ላይ ይታወሳል፤ ሶፍትዌራቸው በውይይት መድረክ የተሞላው ያለ ምክንያት አይደለም። ብዙዎቹ ተቋማት ግን ሶፍትዌሩን እንደ ፋይል ማስቀመጫ ብቻ ይገለገሉበታል።

በኢትዮጵያ ሁኔታ ይህን ርቀት የሚያሰፋ፣ በውጭ አገር ጥናቶች እምብዛም የማይነሳ አንድ ነገር አለ። የከፍተኛ ትምህርት ማስተማሪያ ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው፤ በክፍል ውስጥ ግን መምህሩ በእንግሊዝኛ የጀመረውን ሐሳብ ተማሪው እንዳልገባው ሲያይ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ ወይም በአካባቢው ቋንቋ ያፍታታዋል፣ ከገበያና ከእርሻ ምሳሌ ያመጣል፣ ከዚያም ወደ እንግሊዝኛው ይመለሳል። ይህ በየትኛውም ሥርዓተ ትምህርት ያልተጻፈ፣ ነገር ግን የብዙውን ተማሪ ዲግሪ የተሸከመ ሥራ ነው። ትምህርቱ ወደ ስክሪን ሲሸጋገር የሚተላለፈው እንግሊዝኛው ብቻ ይሆናል፤ ሞጁሉም ስላይዱም የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነውና። ተማሪዎች በቴሌግራም ግሩፖቻቸው በድምፅ መልእክት አንዱ ለሌላው በቋንቋው ሲያብራራ የሚሰማው የጎደለውን ይህን ለመሙላት ነው። በግሩፑ ውስጥ የተሻለ የገባው ሰው ሳይሾም አስጠኚ ይሆናል፤ የዚያ ሰው ድካም ተቋሙ ደመወዝ ከፍሎ ሊያሠራው የሚገባ ሥራ ነበር።

> የሚተላለፈው እንግሊዝኛው ብቻ ነው፤ ማብራሪያው በክፍሉ ውስጥ ቀርቷል።

መምህራኑም ቢሆኑ ለብቻቸው የሚወቀሱ አይደሉም። አብዛኞቹ በአዳራሽ ለማስተማር የሠለጠኑ ናቸው፤ የበይነ መረብ ኮርስ በመደበኛ ሥራቸው ላይ ይጨመርባቸዋል፤ በመቶዎች የሚቆጠር አሳይመንት ለማረም የሚሰጣቸው ክፍያም ከድካማቸው ጋር አይመጣጠንም። ትምህርት ሚኒስቴር ከማስተርካርድ ፋውንዴሽንና ከአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ለዩኒቨርሲቲ መምህራን የበይነ መረብ ማስተማር ሥልጠና የሚሰጥበት ፕሮጀክት መጀመሩ ትክክለኛ እርምጃ ነው፤ የሠለጠነው መምህር ለተማሪው የሚመልስበት ጊዜ ካልተመደበለት ግን ሥልጠናው የምስክር ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

## ከባሕር ማዶ

የበይነ መረብ ዲግሪ በሌላ አካባቢ ምን እንደሚመስል ለማየት በዩናይትድ ስቴትስ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ነርሶችን ማንሳት ይቻላል። በዚያ አገር የሁለት ዓመት የነርስነት ዲግሪ ይዞ፣ የፈቃድ ፈተና አልፎ ሥራ መጀመር የሚቻል ቢሆንም ትልልቅ ሆስፒታሎች የባችለር ዲግሪ ያለውን ያስቀድማሉ፤ የኒውዮርክ ግዛት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ሕግ አዲስ የሚመዘገቡ ነርሶች በ10 ዓመት ውስጥ ባችለር እንዲይዙ አድርጓል። ስለዚህ ከሌሊት ፈረቃ ወጥተው፣ ልጅ ትምህርት ቤት አድርሰው፣ ትንሽ ተኝተው በኮምፒዩተር የሚማሩ እናቶች በማኅበረሰቡ ውስጥ እንግዳ አይደሉም። ድካሙ የእነርሱም ከባድ ነው። ሆኖም የሥራውን መሠረት አስቀድመው በተግባር ስለያዙ፣ አንዳንዶቹም አሠሪያቸው ከክፍያው ስለሚያግዛቸውና ዲግሪው ምን እንደሚያስገኝላቸው ከመጀመሪያው ስለሚያውቁ ትምህርቱ ወደታወቀ ቦታ የሚያደርስ መንገድ ይሆንላቸዋል።

በኢትዮጵያ ሆነው በውጭ ዩኒቨርሲቲ የሚማሩትም ቁጥራቸው ቀላል አይደለም። ዩኒሳ በአዲስ አበባ አቃቂ ማዕከል ከፍቶ ብዙ የሁለተኛና የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪዎችን ያስተማረ ሲሆን፣ የሕንዱ ኢንድራ ጋንዲ ብሔራዊ ክፍት ዩኒቨርሲቲም ከቅድስት ማርያም ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር መርሐ ግብሮቹን ሰጥቷል። ለዚህ ክፍል ተማሪዎች ትልቁ ጣጣ ክፍያው ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ በዶላር የተተመነው የትምህርት ክፍያ በብር ሲታሰብ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ወደ እጥፍ ተጠጋ፤ ደመወዝ ግን በዚያ መጠን አልጨመረም። ሌላው ጥቃቅን መስሎ የሚያሰለቸው የስም ጉዳይ ነው፤ የውጭው ቅጽ የቤተሰብ ስም ሲጠይቅ አንዱ የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ይሞላል፤ በኋላ ማስረጃው ለአቻ ግምት ሲቀርብ በዲግሪውና በአገር ውስጥ ሰነዱ ላይ ያለው ስም አልገጥም ይላል።

## ማን ሠራው?

አሠሪዎች የበይነ መረብ ዲግሪን ሲጠራጠሩ የሚያነሱት ጥያቄ አንድ ነው፤ ሥራውን የሠራው ተመራቂው ራሱ ለመሆኑ ምን ማረጋገጫ አለ? ጥያቄው መሠረት አለው። በክፍያ አሳይመንትና የመመረቂያ ጽሑፍ እንሠራለን የሚሉ ሰዎች በይፋ ያስተዋውቃሉ፤ ቻት ጂፒቲን የመሰሉ ሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎች ከመጡ ወዲህ ደግሞ ክፍያው ሳይቀር አላስፈላጊ ሆኗል። ብዙ የውጭ ዩኒቨርሲቲዎች መፍትሔ ያደረጉት ተማሪው ሲፈተን በካሜራ መከታተልን ነው፤ ይህም በአንድ ክፍል ከአራት ሰው ጋር ለሚኖር፣ ካሜራው ፊት ልጅ ስታልፍ በማጭበርበር ለሚጠረጠር ተማሪ ሌላ ጭንቀት ነው።

ኢትዮጵያ የመረጠችው መንገድ ከዚህ ይለያል። ቀደም ሲል በሕግ ትምህርት የነበረው የመውጫ ፈተና ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በመጀመሪያ ዲግሪ ለሚመረቁ በአጠቃላይ የተዘረጋ ሲሆን፣ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። ተፈታኙ በተመደበበት ማዕከል በአካል ቀርቦ፣ ማንነቱ ተረጋግጦ በኮምፒዩተር ይፈተናል። ዓመታት በስክሪን የተማረ ሰው መጨረሻ ላይ የሚመዘነው ምን ያህል ብቻውን እንደሚያውቅ ነው ማለት ነው። ፈተናው የብዙ ተማሪዎችን ልፋት በአንድ ቀን እንዲወሰን ያደርጋል የሚለው ቅሬታ ሊናቅ አይገባም፤ ነገር ግን ለበይነ መረብ ተማሪ በተለይ የሚጠቅመው ነገር አለ፤ ፈተናውን ያለፈ ሰው «የርቀት ነው» ተብሎ ዝቅ የሚደረግበት ምክንያት ይወድቃል። ፍርዱ የሚከብደው በተቋማቱ ላይ ነው፤ ተማሪውን ለዓመታት አስከፍሎ፣ ሥራውን ሳያርም፣ ጥያቄውን ሳይመልስ ወደዚህ ፈተና የሚልክ ተቋም የሸጠው ፋይል እንጂ ትምህርት አልነበረም።

> ሥራውን ሳያርም፣ ጥያቄውን ሳይመልስ ወደ ፈተና የሚልክ ተቋም የሸጠው ፋይል ነው።

በበይነ መረብ ለመማር የሚያስብ ሰው እንግዲህ ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት ሊያጣራቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። በኢትዮጵያ የዕውቅና ፈቃድ ለተቋሙ ስም በጥቅሉ የሚሰጥ ሳይሆን በየትምህርት መስኩ፣ በየቦታውና በማስተማሪያው ዓይነት የሚሰጥ በመሆኑ፣ በመደበኛ ለማስተማር የተፈቀደለት ኮሌጅ ያንኑ መስክ በርቀት ወይም በበይነ መረብ ለማስተማር ተፈቅዶለታል ማለት አይደለም፤ ይህን የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣንን ጠይቆ ማረጋገጥ ይቻላል። ከዚያም በመርሐ ግብሩ እየተማረ ካለ ሰው ዘንድ ሄዶ ባለፈው መንፈቀ ዓመት ያስረከበው አሳይመንት ታርሞ፣ አስተያየት ተጽፎበት ተመልሶለት እንደሆነ እንዲያሳየው ይጠይቅ፤ ካልተመለሰለት ገንዘቡን ይያዝ።